ፌዘር አድርጌም ስፌቱ ለምን ይታያል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አንድ የድሮ የቤተሰብ ፎቶ ስካን አድርጌ በፎቶሾፕ እያስተካከልኩ ነው። ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ትልቅ ጭረት አለ። ከዛው ግድግዳ ንጹህ ቦታ ኮፒ አድርጌ ፔስት ሳደርግበት እንደ እራፊ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፌዘሩን (ጠርዙን የሚያለሰልሰውን) 5 ፒክስል አደረግኩት፣ 20ም 40ም ሞከርኩ፣ ጭራሽ ዙሪያው ጭጋግ የመሰለ ነገር ሆነ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ፌዘሩን ለጊዜው ተወው። ችግሩ ያለው ጠርዙ ላይ አይደለም። ግድግዳው አንድ ቀለም ይምሰል እንጂ ብርሃኑ ከአንድ በኩል ሲመጣ ወደ ሌላው ጥግ እየጠቆረ ነው የሚሄደው፤ አንተ ደግሞ ከደመቀው ቦታ ቆርጠህ ጨለም ያለው ላይ ለጥፈሃል። አይድሮፐሩን (የቀለም ቁጥር የሚያነበውን መሣሪያ) ይዘህ ከልጣፉ ውስጥና ከውጭ አንድ አንድ ነጥብ ንካና ቁጥሮቹን አወዳድር። ከ0 እስከ 255 ባለው ልኬት የ5 ልዩነት እንኳ ሜዳ ግድግዳ ላይ መስመር ሆኖ ሊታይ ይችላል። ዓይን ቀስ እያለ የሚለወጥ ብርሃንን ያልፈዋል፣ ድንገት የሚዘለውን ግን አያልፍም።

ስለዚህ መጀመሪያ ብርሃኑን አመሳስል። ልጣፉ በራሱ ሌየር (ንብርብር) ላይ ይሁን፣ ለእሱ ብቻ ከርቭስ (የብርሃን ማስተካከያ) ጨምርበትና ከአካባቢው ጋር እስኪገጥም ድረስ ከፍ ዝቅ አድርገው። ከዛ ሌየር ማስክ (የሌየሩን ክፍል ሳይሰርዝ የሚደብቅ) አድርገህ በትንሽ ለስላሳ ብራሽ ጠርዙን አዛባው። ቀጥ ያለ መስመር ቶሎ ይያዛል፣ የተንጋደደ ግን ይሸሸጋል።

ጭጋጉ ከየት መጣ? የድሮ ፎቶ ደቃቅ ነጠብጣብ አለው፣ ግሬይን የሚባለው። ፌዘሩ ሲሰፋ ሁለት ግሬይን በግማሽ በግማሽ ይደራረብና እርስ በርሱ ይዋዋጣል። ያ ቀለበት ከሌላው ቦታ ይልቅ ለስልሶ የቀረው ለዚህ ነው። ለፌዘሩ አንድ ሁለት ፒክስል ይበቃሃል። ልጣፉን ማሳነስ፣ ማሳደግ ወይም ማዘንበልም ግሬይኑን ያደበዝዘዋል፤ የግድ ከሆነ ትንሽ ኖይዝ (ሰው ሠራሽ ነጠብጣብ) መልስበት።

ከ2002 ጀምሮ ፎቶሾፕ ውስጥ ያለው ሂሊንግ ብራሽ ብዙውን ድካም ይቀንስልሃል፣ ምክንያቱም ቴክስቸሩን (የገጹን ሸካራነት) ከምንጩ ወስዶ ቀለሙንና ብርሃኑን ከመድረሻው ጋር ያስማማል። እኔም ለሜዳ ግድግዳ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው። ግን ጭረቱ የሰው ትከሻ አጠገብ ከደረሰ አቁም! የልብሱን ጥቁረት ወደ ግድግዳው ጎትቶ ያበላሽብሃል። እዛ ጋ ከሌላ ቦታ እንዳለ ገልብጦ በሚቀባው በክሎን ስታምፕ ቀስ እያልክ ሂድ።

ኦሪጅናሉን ደግሞ በፍጹም አትንካ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ምትክ የለውምና ኮፒው ላይ ስራ።

ስትጨርስ ከሁሉም በላይ አንድ ከርቭስ ሌየር ጨምርና ኮንትራስቱን እስከ ጥግ ውሰደው። የተደበቀ ስፌት ካለ ይወጣል። አስተካክለህ ስትጨርስ ታዲያ ያን ሌየር አጥፋውና ሴቭ አድርግ።