የእሁድ ኪሮሽና የጎረቤት ቡና

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች መርጠናል። ሦስቱም የክርና የመርፌ ነገር ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ እሱ ወስዷል።

ጥያቄ፦ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቆሜ ነው የምውለው፣ የማርፈው እሁድ ብቻ ነው። ዳንቴል መሥራት ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፣ አሁን ደግሞ ጥልፍ ጀምሬያለሁ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው። ግን ከቅዳሴ መልስ ኪሮሼን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ቡና ጠጪ ብለው ይጠሩኛል። ካልሄድኩ «በሯን ዘግታ ትውላለች» እባላለሁ፤ ከሄድኩ ቀኑ እዚያው ያልቃል። ከታች ያሉት እማማ ደግሞ «በሰንበት መርፌ ይያዛል እንዴ ልጄ?» ብለው ተቆጥተውኛል። በዚያ ላይ የሠራሁትን ያየ ሁሉ «ለእኔም ሥሪልኝ» ይለኛል። ምን ላድርግ?
ባለ ኪሮሽ ነኝ፣ ከጀሞ

መልስ፦ እህቴ፣ ከእማማ ልጀምር፤ ከባዱ እሱ ነው።

እማማ ዝም ብለው አልተናገሩም። በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ በሰንበት ጥጥ አይፈተልም፣ መርፌ አይያዝም፣ ልብስ አይታጠብም። እሁድ ብቻም አይደለም። በየወሩ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 ባለ ወልድ አለ። ቅዳሜም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ከእሁድ ጋር እንዲከበር ከተወሰነበት ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀዳሚት ሰንበት ሆኖ እስከ ዛሬ ይከበራል። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ብዙ እናቶች ባደጉበት ቤት እንዝርት የሥራ ዕቃ ነበር። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ይሸምናል፣ የቤቱ ሰው ነጠላና ጋቢ ይለብሳል። ክር ይዘሽ ሲያዩሽ ሥራ ላይ ያለሽ ቢመስላቸው ምን ይገርማል?

እኔ በበኩሌ፣ ስድስት ቀን ቆማ የዋለች ሴት በሰባተኛው ቀን ቁጭ ብላ የምትወደውን ስትሠራ እያረፈች ነው እላለሁ። ግን አንቺ የምታስቀድሺ ሰው ነሽ። ይሄን የሚመልስልሽ የንስሐ አባትሽ እንጂ የመጽሔት ዓምድ አይደለም። ጠይቂያቸው። ተይው ካሉሽ መርፌውን ወደ ሥራ ቀን ማታ ታዞሪዋለሽ፤ ምሽት ላይ ሠላሳ ደቂቃም ብትሆን በሳምንት ስትደመር ቀላል አይደለችም።

እማማን ግን አትከራከሪያቸው። የንስሐ አባትሽ ቢፈቅዱልሽም እሳቸው ባሉበት ኪሮሹን አታውጪው። ይልቅ አንድ የሥራ ቀን ማታ ጎራ በይና ፈትል አሳዩኝ በያቸው። ስፌትም ያውቁ ይሆናል፤ በወስፌ፣ በአክርማና በስንደዶ ሌማትና መሶብ የሚሰፋውን ማለቴ ነው። አለላው እንዴት እንደሚቀለም፣ ቀለሞቹ ዙር በዙር እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚያውቅ ሰው አንድ ሕንፃ ውስጥ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። እንዲህ ያለ እውቀት በየቤቱ ሳይጠየቅ ሲቀር በጣም ያሳዝነኛል። የእጅ ሥራ የምትወጂ ልጅ መሆንሽን ካወቁ አነጋገራቸውም የሚለወጥ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቡናው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይሄዳል፣ እውነትሽን ነው። ግን ቡናውን አትተይ። ብቻዋን ለምትኖር ሴት (ብቻሽን መሆንሽን አልነገርሽኝም፣ ከደብዳቤሽ ገምቼ ነው) የጎረቤት ቡና ትልቅ ነገር ነው። ስትታመሚ በር የሚያንኳኳው፣ ዕቃ ሲመጣልሽ የሚቀበልልሽ እዚያ አብሮሽ የጠጣው ሰው ነው። በየሳምንቱ መሄድ ግን ግዴታ የለብሽም። «በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እኔ አፈላለሁ፣ በሌላው እሁድ ግን እቤት ነኝ፣ እጄ ሥራ ይዟል» ብለሽ ፊት ለፊት ተናገሪ። ሰው የሚቀየመው ምክንያቱን ሳያውቅ በር ሲዘጋበት ነው።

ሌላው ዘዴ ሥራውን ከሰዓቱ ጋር ማስማማት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁሉም ሥራ ወሬ መሀል አይሠራም። ቀዳዳ እየቆጠርሽ የምትጠልፊውን ቡና ላይ ካወጣሽው ወይ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ወይ ጨዋታው ያመልጥሻል። እሱን ጠዋት ብርሃን ባለበት፣ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር ሥሪው። ጥቁር ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ጭንሽ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፊ፤ ቀዳዳዎቹ ከሥር ፍንትው ብለው ይታያሉ፣ ዓይንሽም አይደክምም። ወደ ቡና ይዘሽ የምትሄጂው እጅሽ የለመደውን ነው፦ ቀጥ ያለ ረድፍ፣ የጠርዝ ሰንሰለት፣ ዘርፍ መቋጠር፣ ወይም የተወሳሰበ ክር ፈትቶ መጠቅለል። ክር መጠቅለልን አትናቂው፣ ልጆችም ይወዱታል፣ አንዷ ልጅ ክሩን በሁለት እጇ ወጥራ ስትይዝልሽ ሥራው ወዲያው ያልቃል።

በር ሲንኳኳ ሥራውን ወርወር አድርገሽ አትነሺ። ረድፉን ጨርሺ። ካልቻልሽ የመጨረሻዋን ቀለበት መርፌ ቁልፍ አስገቢባት፣ አትተረተርም። መርፌ ሶፋ ላይ ትቶ መነሣት ደግሞ ሕፃናት በሚመላለሱበት ቤት አደገኛ ነው። ትንሽ ቆርቆሮ ወይም የብስኩት ዕቃ አዘጋጂ፣ መርፌና መቀስ ሁሌም እዚያው ይግቡ።

ለቅሶ ቤት ግን ክር አይወጣም። የዕድር ነገር ሲመጣ ጥልፉ ይቆያል። ይሄ አያከራክርም።

«ለእኔም ሥሪልኝ» የሚለው ቀረ። የሠራሽውን ስለወደዱት ነውና በክፉ አትይው። ግን ኪሮሽ የማያውቅ ሰው አንድ የጠረጴዛ ልብስ ስንት ማታ እንደሚፈጅ አይገባውም። ብታማርሪ አይረዳሽም፣ ብታሳይው ይገባዋል። ለምትቀርቢያት ጓደኛ የልጅ ኮፍያ መሥራት ደስ ይላል፤ እሱ ስጦታ ነው፣ መቼና ለማን እንደሆነ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ለሌላው «ክርና ኪሮሽ ገዝተሽ ነዪ፣ ቁጭ ብለን አሳይሻለሁ» በይ። አንዳንዷ ትመጣለች፣ አንዳንዷ ትቀራለች። የምትመጣዋ የእሁድ ጓደኛሽ ልትሆን ትችላለች። በገንዘብ እንድትሠሪላት የምትፈልግ ካለች የክሩን ዋጋ ለብቻ፣ የእጅሽን ለብቻ ንገሪያት፤ ሳትጀምሪም ቀብድ ተቀበይ። ከጎረቤት ጋር በገንዘብ ከመቀያየም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማፈር ይሻላል። የዕረፍት ቀንሽ ሁለተኛ ሥራ እንዳይሆን ግን በጣም ጠንቀቂ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ትእዛዝ ሲበዛ ዳንቴሉን መጥላት ይመጣል።

ጥያቄ፦ አዳማ የምኖር የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነኝ። ሹራብ መሥራት እናቴ አስተምራኛለች፣ ደስ ይለኛል። የሰፈር ልጆች ግን የሴት ሥራ ነው ብለው ይስቁብኛል። በድብቅ ነው የምሠራው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽሮ ሜዳ ሄደህ አይተህ ታውቃለህ? ሸማ በእጅና በእግር የሚሸምኑት፣ ያንን ሁሉ ጥለት ክር በክር የሚያነሱት ባብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሙያውን ከጋሞ አባቶቻቸው የወረሱ ናቸው። የሐበሻ ቀሚስ ላይ ጥልፉን በስፌት መኪና የሚያወርዱትም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። በአገራችን መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሆኖ ነው የኖረው። ስለዚህ ክር ለወንድ ባዕድ ነው የሚልህ ሰው የለበሰውን ነጠላ ማን እንደሠራው አላሰበም። የሠራኸውን ሹራብ ራስህ ልበሰውና ሰፈር ውስጥ ተንቀሳቀስበት። ከየት ገዛኸው የሚልህ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለመስቀል በዓል ነጭ ናፕኪን ላይ በቀይ ክር መስቀል ጠለፍኩ። ሳጥበው ቀዩ ለቀቀና ነጩ ሮዝ ሆነ። ይድናል?

መልስ፦ ካልደረቀና ካልተተኮሰ ተስፋ አለው። በረኪና አይንካው፣ ቀዩንም ያበላሸዋል። ሰፋ ያለ ዕቃ ውስጥ ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ሞልተሽ ዘፍዝፊው። ውኃው ቀይ ሲሆን ድፊና በአዲስ ቀይሪ፣ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድገሚው። አንዳንዴ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እርጥቡን አጣጥፈሽ አትተይው፣ ቀለሙ ከላይ ወደ ታች ይታተማል። ኮምጣጤ የሚመክሩሽ ይኖራሉ፤ የለቀቀ የጥጥ ክር ቀለም በኮምጣጤ አይያዝም፣ አትድከሚበት። አንዴ ከደረቀ በኋላ ማስለቀቁ በጣም ይከብዳል።

ለወደፊቱ ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ክር ሳትጠልፊበት ፈትኚ። ቁራጭ ክር አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ መሀል ጨምቂው፤ ካቀለመ ለነጭ ጨርቅ አይሆንም። እንደ ዲኤምሲ ያሉት የታወቁ ክሮች ቀለማቸው እንዳይለቅ ተደርገው ይሠራሉ። ዲኤምሲ በ1746 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው ሙሉዝ ከተማ የተመሠረተ ድርጅት ነው፣ እዚያ ያላችሁበት አገርም በቀላሉ ይገኛል። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው ነው የሚመጡት። ለናፕኪን ሁለቱን ብቻ ነጥለሽ ብትጠልፊ መስቀሉ ስስና ለስላሳ ይሆናል፣ ስታጥቢውም ቶሎ ይደርቃል።