የውህደት ወጪ ከማን ካዝና ይወጣል? ለጀማሪ የሕግ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተመርቃችሁ ጥብቅና የጀመራችሁ፣ በየድርጅቱ የሕግ ክፍል የተቀመጣችሁም፣ ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ወይም ሲሸጡ በሚጻፈው ውል መጨረሻ አካባቢ ስለምትሰፍር አንዲት አንቀጽ ልጻፍላችሁ። ለጠበቃ፣ ለሒሳብ አዋቂና ለመሳሰለው የሚወጣውን ማን እንደሚከፍል የምትወስነው የወጪ አንቀጽ ናት። ብዙዎች ከቆየ ውል ገልብጠው ያልፏታል። እኔ ዋጋውን እንዳነበብኩ ቀጥዬ የማየው እሷን ነው።

የተለመደው አጻጻፍ «ውህደቱ ቢፈጸምም ባይፈጸምም እያንዳንዱ ወገን የራሱን ወጪ ይሸፍናል» ይላል። ቤት ለሚሻሻጡ ሁለት ሰዎች ይህ ይበቃል። ኩባንያ ሲሸጥ ግን የአንዱ ካዝና ራሱ ወደ ሌላው እጅ ይገባል።

አዘዞ ላይ አንድ የዘይት መጭመቂያ አክሲዮን ማኅበር አለ እንበል። አክሲዮኖቹ በሙሉ በ100 ሚሊዮን ብር ሊሸጡ ነው። ሻጮቹ ለጠበቃ፣ ለሒሳብ አዋቂና ላገናኛቸው ደላላ 4 ሚሊዮን ብር ይከፍላሉ። ገንዘቡ ከመጭመቂያው ካዝና ከወጣ ገዢው የሚረከበው ካዝና በ4 ሚሊዮን የጎደለ ነው። ደረሰኙ ከርክክብ በኋላ ቢመጣም ያው ነው፤ ዕዳው ከድርጅቱ ጋር ተሻግሯል። «የራሱን» የተባለው ሁሉ በገዢው ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ለገዢ ስትቆሙ የሻጭ ወጪ የሚባለውን በዝርዝር ጻፉ፤ በሽያጩ ምክንያት ለሥራ አስኪያጆች የሚሰጥ ጉርሻም ሳይቀር ይግባ። እስከ ርክክቡ ቀን ያልተከፈለው ከዋጋው ይቀነስ። ለሻጭ ስትቆሙ ደግሞ የዓመቱ መደበኛ ኦዲት ክፍያ ወይም ገዢው ለራሱ ያዘዘው ምርመራ በዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ ጠብቁ። ክፍያው በገንዘብ ሳይሆን በአክሲዮን ልውውጥ ከሆነ የሚቀነስበት ዋጋ የለምና የልውውጡ መጠን፣ ማለትም ለአንድ አክሲዮን ስንት አክሲዮን እንደሚሰጥ፣ ሲሰላ ወጪው ከድርጅቱ የተጣራ ሀብት ይቀነስ።

የጋራ ወጪዎችን፣ ማለትም የገማቹን ክፍያ፣ የሰነድ ማረጋገጫውንና የፈቃድ ማመልከቻውን፣ አንድ በአንድ ስም እየጠራችሁ ከፋያቸውን ወስኑ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል፤ በቁጥር 1733 ደግሞ ግልጽ የሆነውን ቃል ዳኛ በትርጉም ሊለውጠው አይችልም። ለደንበኛችሁ አስባችሁ ሳትጽፉት የቀረውን ፍርድ ቤት አይጽፍላችሁም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ከደመወዙ ቆጥቦ ጥቂት አክሲዮን የገዛ መምህር ስለሚታየኝ ነው። በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ አይቀመጥም፤ በድብቅ የተላለፈች ወጪ ግን ከእሱም ድርሻ ትወጣለች። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገ ወዲህ ብቻቸውን ሊደርሱበት ለሚቸገሩ ባንኮች ስለ ውህደት መነጋገር የማይቀር ሆኗል፤ እንዲህ ያለው ባለአክሲዮን ደግሞ በየከተማው አለ።

የፈረሰ ውህደትም ወጪ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ተፎካካሪውን ቲ-ሞባይል ዩኤስኤን ለመግዛት ተዋውሎ የአሜሪካ መንግሥት ስለተቃወመ ሲተወው፣ ለሻጩ ለጀርመኑ ዶቼ ቴሌኮም 3 ቢሊዮን ዶላር በጥሬ ገንዘብ ከፍሏል፤ ውሉ አስቀድሞ ወስኖት ነበርና። እናንተም ሦስቱን መንገዶች ለዩ፤ ተቆጣጣሪው ቢከለክል፣ የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ባያጸድቅ፣ አንዱ ወገን ሐሳቡን ቢለውጥ። ለየአንዳንዱ ከፋዩን፣ የገንዘቡን ጣሪያና የመክፈያውን ቀን ከፊርማው በፊት አስፍሩ።