«ይማርህ» ስንል ማን ነው የሚምረው?

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። የ7 ዓመት ልጄን አስነጠሰውና ‹ይማርህ› አልኩት። ‹ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት የለም!› አለኝ። ሳቄ መጣ፤ መልስ ግን አጣሁ። ‹ይማርህ› ከትምህርት ጋር ይገናኛል እንዴ? ሰው ሲያስነጥሰውስ ለምን እንዲህ እንላለን? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልብ ለአፍታ ስለምትቆም ነው ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹የርሐሙኪላህ› ትለኛለች፤ እኔም ‹አመሰግናለሁ› ብዬ አልፋለሁ። ልክ ነኝ?»

መልስ፦ የልጅዎ ጆሮ ደህና ነው። «ይማር» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከትምህርት ቤት ወሬ ነው። «ልጁ ይማር እንጂ ሌላው ይደርሳል» ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ ቅዳሜን ጠቅሶ መከራከሩ አይፈረድበትም። ግን ሁለቱ ቃላት አይዛመዱም።

«ይማርህ» የ«ማረ» ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ማረ ማለት ራራ፣ ይቅር አለ ማለት ነው። የትምህርቱ ግስ «ተማረ» ነው። ችግሩ ሁለቱም በትእዛዝ አንቀጽ «ይማር» ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ይለያያል። «እግዜር ይምራል» እንላለን፤ «ተማሪው ይማራል» እንላለን። አንዱ «ምሮ» ሲል ሌላው «ተምሮ» ይላል። «ይማርህ»ን በትምህርት እንፍታው ካልን ደግሞ «አንተን ያጥናህ» የሚል ነገር ይወጣዋል። ልጅዎ የፈተና መጽሐፍ አይደለም።

አንድ ክርክር እዚህ ላይ ሳልነካ ባልፍ ያንቀኛል። «ይማርህ ማለት ፈጣሪ ያስተምርህ፣ ይገሥጽህ ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ከእነሱም መካከል በቋንቋ ዲግሪ ያላቸው አይጠፉም። በምን ሰዋስው? እንዲህ ለማለት አማርኛ «ያስተምርህ» የሚል የራሱ ቃል አለው። ደግሞስ በርበሬ ሸቶት ያስነጠሰው ሰው በየትኛው ጥፋቱ ነው የሚገሠጸው?

በግዕዝ ቢሆን ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ አይነሳም ነበር። በሃሌታው ሀ «መሀረ» ማለት አስተማረ ነው። መምህር፣ ምሁር፣ ትምህርት የሚወጡት ከእሱ ነው። በሐመሩ ሐ «መሐረ» ማለት ራራ፣ ማረ ነው። ምሕረትና መሐሪ ከዚህኛው ይወጣሉ። በቤተ ክርስቲያን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲባል የሚሰማው ይኸው ሐ ነው። የጥንቱ ሰው ሁለቱን ድምፆች በጉሮሮው ይለያቸው ነበር። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲያረግፍ ሁለቱም ግሶች መሐላቸው ባዶ ሆነና «ማረ» ላይ ተገናኙ። ለዚህ ነው «ተማረ» ዛሬ ሁለት ፍቺ ያለው። «እስረኛው ተማረ» ቢባል ተፈታ ነው ወይስ ፊደል ቆጠረ? ቋንቋው ራሱ ይህ ሳያሳስበው አልቀረም፤ ለእስረኛው «ምሕረት ተደረገለት» ማለትን ይመርጣል።

«ሀ፣ ሐ፣ ኀ በድምፅ አንድ ናቸውና በአንድ ይጻፉ» የሚለውን ወገን ታውቁታላችሁ። እኔ አልወደውም። ምሕረትን በሐ፣ ትምህርትን በሀ ስጽፍ የሁለት ቤተሰብ ልጆች በየአባታቸው ስም ይጠራሉ። «ምህረት» ተብሎ ሲጻፍ ግን ዓይኔን ይቆረቁረኛል። ምን ዋጋ አለው! ጋዜጣው «ምህረት» ይላል። የፒያሳ ታፔላ «ምህረት» ይላል። ምሕረት የምትባለው ልጅ እንኳ ስሟን በሃሌታው ትጽፋለች፤ የገዛ ስሟን እንዴት እንደምትጽፍ ደግሞ እኔ አላዝባትም። ከዚህም የባሰ አለ። «ይማርህ» ውስጥ ያቺ የምሟገትላት ሐ ጭራሽ የለችም። በግዕዝ «ይምሐርከ» የነበረው በአማርኛ «ይማርህ» ሆኗል፤ መሐል ያለው ሐ ረግፏል። መጨረሻ ላይ ያለው ህ ከ«ከ» የመጣ ነው፣ የአንተ ምልክት። አንዳንዱ ለመራቀቅ ብሎ «ይማርሕ» ሲል አይቻለሁ። እባካችሁ፣ እኔ እንኳ እዚያ ድረስ አልሄድኩም።

ወደ ቃሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም የሚጣፍጠው ገና ነው። «ማረ» አማርኛ ተናጋሪን ከልደት እስከ ሞት ይከተለዋል። ሴት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ሰው ሲያስነጥሰው «ይማርህ»፤ ሲታመም «እግዜር ይማርህ»፤ ሲሞት «ነፍስ ይማር»። ልብ በሉ፣ ለታመመው የፈጣሪን ስም እንጠራለን። ለሚያስነጥሰው ግን አንጠራም። ነገሩ ቀላል ነው፣ ስም አያስጠራም። «ነፍስ ይማር» ላይም ባለቤቱ ተሰውሯል፤ እዚያ ግን ከክብደቱ የተነሳ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ሰዋስው አይደለም።

በቅንፍ አንድ ነገር ልጨምር። ከላሊበላ ወዲያ በዋሻ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን «ክርስቶስ ይማረን» ብሎ የሚፈታ ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ሥሩ «መርሐ» ነው፤ መራ፣ መንገድ አሳየ ማለት ነው። ስለዚህ ፍቺው «ክርስቶስ ይምራን» ይሆናል። የሐ ቦታ ከተዛወረ ቤተሰቡም ይቀየራል፤ የምሟገተው ለዚህ ነበር።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ። «የርሐሙኪላህ» ማለት «አላህ ይዘንልሽ፣ ይማርሽ» ነው። ለወንድ ቢሆን «የርሐሙከላህ» ይባላል። ያቺን «ከ» አያችኋት? የግዕዙ «ይምሐርከ» መጨረሻ ላይ ያለችው ናት። ለሴት በግዕዝም በዐረብኛም «ኪ» ትሆናለች፤ አማርኛ እሷን ወደ «ሽ» ለውጦ «ይማርሽ» ብሏል። ሥሩም ቢሆን ሩቅ አይደለም። የዐረብኛው ሥር ር-ሐ-ም ነው፣ የግዕዙ ም-ሐ-ር። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቦታ ተለዋውጠዋል። የሴም ቋንቋዎችን ሥር የሚያጠኑ ሊቃውንት ይህንን የፊደል መገላበጥ ነው ይሉታል፤ እኔም እስማማለሁ። ር-ሐ-ም በዐረብኛም በዕብራይስጥም የማሕፀን ስም ያወጣል። «ማርያም ማረችሽ» የሚለውን የወላድ ሰላምታ ከዚህ ጋር ማያያዝ ያጓጓል። አማርኛችን ማሕፀንን በሌላ ቃል ስለሚጠራ ግን ማያያዙን እዚህ ላይ ልተወው።

ስለዚህ እርስዎና ጎረቤትዎ የምትመኙት አንድ ነገር ነው። እንደ ደሴ ባለ ከተማ ይህ ጥሩ ነገር ነው። «ይማርህ» የሚምረውን ስም ስለማይጠራ ሸዋ በርም ሆነ ሰኞ ገበያ ላይ ማንም ለማንም ይለዋል። እግዜር የሚለው በልቡ እግዜርን፣ አላህ የሚለው አላህን ይጨምርበታል። ልዩነቱ በሥርዓቱ ላይ ነው። በእስልምናው መጀመሪያ ያስነጠሰው ሰው «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ የሰማው ደግሞ «የርሐሙከላህ» ይለዋል። በክርስቲያኑ ልማድ ጀማሪው ሰሚው ነው።

«ለምን እንላለን?» ለሚለው ጥያቄዎ አንድ ወሬ በየቦታው ይዞራል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ590 ሮም ውስጥ ወረርሽኝ ገብቶ፣ ማስነጠስ የበሽታው ምልክት ስለነበር ምርቃቱ ያኔ ተጀመረ ይላል። ወረርሽኙ እውነት ነው፤ ምርቃቱ ግን የቆየ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ አንድ ሮማዊ ጸሐፊ «የሚያስነጥሰውን ሰው ለምን እንመርቀዋለን?» ብሎ ጠይቆ አልፏል። እንግዲህ የእርስዎ ጥያቄ 2,000 ዓመት ሊሞላው ነው። ሳይታሰብ የሚመጣና ሰውነትን የሚያናውጥ ነገር በየአገሩ ሰውን ያስደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ይመርቃል፤ ልጅ ሲደናቀፍ «እኔን!» እንደምንለው ማለት ነው።

የባልደረባዎ ልብ ግን አትቆምም። ከማስነጠስ በፊት አየር በጥልቅ ስንስብ የደረት ግፊት ይለዋወጣል። የልብ ምት ለአፍታ ሊዛነፍ ይችላል፤ መቆም ግን የለም። ነገሩ የሚጀምረው አፍንጫ ውስጥ ነው። አቧራ፣ ጉንፋን ወይም የሚቆላ በርበሬ የአፍንጫን ነርቭ ሲነካ መልእክቱ ወደ አንጎል ግንድ ይሄዳል። ከዚያ ደረት፣ ጉሮሮና ዓይን አንድ ላይ ይታዘዛሉ። በርበሬ ውስጥ ያለው የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ ጎረቤት ሲቆላ እኛን የሚያስነጥሰን እሱ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ገፈፍ ሲልና ፀሐይ ድንገት ስትወጣ የሚያስነጥሳቸው ሰዎችም አሉ። በሽታ አይደለም። ከ100 ሰው ከ18 እስከ 35 የሚሆነው እንዲህ ነው፤ በቤተሰብም ይወረሳል።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ያለምክንያት አይደለም። ሰው ፈቅዶ አያስነጥስም። አማርኛም ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው «አስነጠሰኝ» የሚለው። ማን አስነጠሰህ ቢባል መልስ የለም። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ያስለኛል፣ ስቅ አለኝ፣ ትን አለኝ፤ እነዚህ ሁሉ ባለቤታቸው የማይታወቅ፣ ሰውየውን ግን ተሳቢ የሚያደርጉ ግሶች ናቸው። ሐረጎ ላይ መስኮት ከፍቶ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው «በረድኩ» አይልም፤ «በረደኝ» ይላል። ታዲያ «አስነጠስኩ» ከየት መጣ? በግዕዝ «ዐጠሰ» የሚል ግስ አለ፤ በዐረብኛም እንዲሁ። እዚያ ሰውየው ራሱ ባለቤት ነው። አማርኛ መሐል ላይ ነ ጨምሮ «አነጠሰ» ብሎታል። ስለዚህ «አነጠስኩ» የሚል ሰው ማስረጃ አለው ብዬ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ሳልወድ ተናግሬያለሁ። «አስነጠስኩ» ግን ለእኔ ጆሮ ሆን ብሎ አፍንጫውን በላባ የነካካ ሰው ንግግር ነው። ወጣቱ ሁሉ እንዲህ ይላል፤ የሬዲዮ ጋዜጠኛውም ይላል። በርትቷል፣ አይመለስም።

ወደ «አመሰግናለሁ» ልምጣ። ስህተት ነው ማለት አልችልም፤ ባንክ ውስጥም ታክሲ ውስጥም የሚሰማው እሱ ሆኗል። አንዳንዱማ «ታንክስ» ብሎ ይገላገላል። ግን የለመድነው መልስ «ያኑርህ»፣ «ያኑርሽ» ነው፤ ለትልቅ ሰው «ያኑርዎት»። ምርቃት በምርቃት ይመለሳል። ያኑርህ የ«አኖረ» ነው፣ በሕይወት ያቆይህ። «ኖረ» ራሱ «ነበረ» ከሚለው የወጣ ነው፤ በ ወደ ወ ላልቶ፣ ከዚያም ተውጦ። ግዕዝ ነበረን ተቀመጠ ብሎ ይፈታዋል። «መንበር» ከእሱ ወጣ፤ መንበርም በአማርኛ «ወንበር» ሆነ። እንግዲህ «ያኑርሽ» ሲሉ ሳያውቁት ወንበር እየጋበዙ ነው። «አሜን» ወይም «አሚን» ቢሉም አያስነውርም። ለጎረቤትዎም «ያኑርሽ» ይበሏት፤ የዐረብኛውን መልስ እንዲያጠኑ አትጠብቅብዎትም።

ለአዛውንት «ይማርዎት» ነው። «ይማሮት» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ፤ አፍ እንዲህ እንደሚለው አልክድም። ብዕር ግን ዎ ለመጻፍ ጊዜ አያጣም።

ልጅዎ በተከታታይ ቢያስነጥሰው ስንት ጊዜ ይባላል የሚል ጥያቄ ይከተላል ብዬ እገምታለሁ። በክርስቲያኑ ወገን የተቆረጠ ቁጥር የለም። የእስልምናው ሐዲስ እስከ ሦስት ጊዜ ምረቁት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ጉንፋን ነው ይላል። ሦስቱን ይበሉትና ከአራተኛው በኋላ ትኩስ ነገር ያጠጡት።