ሩይንስ የማግማ ግልባጭ ነውን?

ጥያቄ፦ ሩይንስ የተባለውን የጃፓን የሮክ ቡድን ሰሞኑን መስማት ጀምሬአለሁ። ጃፓንኛ የሚማር ጓደኛዬ ከዘፈኖቹ አንዲት ቃል እንኳ ሊገባው አልቻለም። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ ሙዚቃው በሙሉ ማግማ ከሚባል የፈረንሳይ ቡድን የተቀዳ ነው ይለኛል። እውነቱ የቱ ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የመጀመሪያው ጓደኛዎ ጃፓንኛቸውን አይጠራጠሩ። የሩይንስ መሥራች፣ ድራም ተጫዋችና ድምፃዊ ታትሱያ ዮሺዳ በአብዛኛው የሚዘፍነው ራሱ በፈጠራቸው፣ የትም አገር በማይነገሩ ቃላት ነው። በዚህ ረገድ ቀዳሚው ማግማ ለመሆኑ ክርክር የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑን የመሠረተው ክሪስቲያን ቫንደር፣ እርሱም ድራም ተጫዋች ሲሆን፣ ለዘፈኖቹ ኮባያኛ የተባለ ቋንቋ ፈጥሮላቸዋል።

ይሁንና ግልባጭ የሚለውን ፍርድ አልቀበለውም። የአሜሪካዊው የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች የጆን ኮልትሬን አድናቂ የሆነው ቫንደር አንዱን ሐረግ በመዘምራን፣ በፒያኖና በቤዝ እየደጋገመ ለረጅም ደቂቃዎች ቀስ በቀስ ያከረዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተው ሩይንስ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በሁለት ሰው፣ በድራምና በቤዝ ጊታር ብቻ ነው፤ ምቱ በየጥቂት ሴኮንዱ ስለሚለዋወጥም በእግሩ ሊከተለው የሞከረ አድማጭ ወዲያው ይጠፋበታል። ማግማ የሚያስረዝመውን ሩይንስ ያሳጥረዋል፤ ፓንክ የተባለውን ፈጣንና ሻካራ የሮክ ዓይነት ፍጥነትና ጩኸትም ይጨምርበታል።

ዮሺዳ ከማን እንደተማረ አልደበቀም። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ፓላሽቶም በተሰኘው አልበም ውስጥ የታወቁ የፕሮግሬሲቭ ሮክ (ረጃጅምና ውስብስብ ቅንብር ያለው የሮክ ዓይነት) ሐረጎችን አከታትሎ የሰፋበት አንድ ቅንብር አለ፤ በዚያው አልበም የክላሲካልና የሃርድ ሮክ ሙዚቃም በተመሳሳይ መንገድ ተቀምሯል። በኪቦርድ ብዛት የታወቁትን እነዚያን ሥራዎች ሁለት ሰዎች በቤዝና በድራም ብቻ ሲወጧቸው መስማት፣ ዘፈኖቹን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው፣ ሳቅም አድናቆትም የሚያጭር ነው።

ማግማን በግልጽ የሚያስታውሰው ግን ዮሺዳ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቋቋመው ሌላው ቡድኑ፣ በቶኪዮ ሰፈር ስም የተጠራው ኮኤንጂ ሂያኬይ ነው። በሴት ድምፅ፣ በኅብረ ዝማሬና በኪቦርድ የታጀበ በመሆኑ ክርክራችሁን ለመፍታት የሚሻለው እርሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው አንገር ሺስፓ ከተሰኘው አልበሙ ቢጀምሩ እመክራለሁ።