ሐዋሳ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፦ ስለ መማር ንድፈ ሐሳቦች የመምህራን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሐዋሳ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ 64 ተማሪ አለኝ። ከቢሄቪዮሪዝም (መማር በድግግሞሽ፣ በሽልማትና በቅጣት ይመጣል ከሚለው)፣ ከኮግኒቲቪዝም (አእምሮ መረጃን እንዴት እንደሚይዝ ከሚያየው)ና ከኮንስትራክቲቪዝም (ተማሪው ዕውቀቱን ራሱ ይገነባል ከሚለው) የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ዛሬ የሚያስተምሩት ምን እንደሆነና ልጆቹ ስለሱ ምን ያህል እንደሚያውቁ ይዩ። የማባዛት ሰንጠረዥ ከሆነ ድግግሞሽና ፈጣን እርማት ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ ስኪነርና ሌሎቹ ቢሄቪዮሪስቶች ልክ ናቸው። አዲስ የኢኩዌሽን አፈታት ከሆነ ግን ልጁን «ራስህ ድረስበት» ማለት ጊዜ ማባከን ነው። ኮግኒቲቪዝም እንደሚለው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ የሚያሠራው አዲስ ነገር ከአራት ገደማ አያልፍም። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ደረጃ ሳይዘሉ ሰሌዳ ላይ ሙሉውን ይሥሩ፤ ከጎኑ ቁጥሩ ብቻ የተቀየረ ጥያቄ ይስጡ። ይህን ሁለት ሦስቴ ካደረጉ በኋላ የመጨረሻውን ደረጃ ባዶ ይተዉላቸው፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት። ነገሩ የሚበላሸው ክፍል ውስጥ ቀላሉን ሠርተን የቤት ሥራው ላይ ክፍልፋይና ኔጌቲቭ ቁጥር አንድ ላይ ስናመጣ ነው። የገባቸው ልጆች ግን በተሠራ ምሳሌ መታሰር የለባቸውም፤ በቀጥታ ጥያቄው ይሰጣቸው።

ጥያቄ፦ የሚረብሽ ልጅን ማንበርከክ «አሉታዊ ማጠናከሪያ» ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም፤ ቅጣት ነው። ማጠናከሪያ አዎንታዊም ሆነ አሉታዊ ባህሪውን የሚያበዛ ነገር ነው። አሉታዊ የተባለው ደስ የማይል ነገር ስለሚነሳ ነው፤ ለምሳሌ አሥሩንም ጥያቄ ክፍል ውስጥ በትክክል የጨረሰ ልጅ ከቤት ሥራ ነፃ ሲሆን። ልጁ ተንበርክኮ ጓደኞቹ ከሳቁለት ደግሞ እርስዎ ሲቀጡት ክፍሉ ሸልሞታል፤ ነገ ይደግመዋል።

ሽልማትም ጣጣ አለው። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን አጥንተው ነበር። «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» የተባሉት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው መሣሉን ቀነሱ፤ ድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ወዶ ለሚያነብ ልጅ ከረሜላ ቃል አይግቡለት።

ጥያቄ፦ ኮንስትራክቲቪዝም ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ቡታጋዝ፣ ብረት ድስትና እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር ይበቃል። ውሃው ከመጣዱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላና ለምን እንደሆነ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ሁሉም ማለት ይቻላል 100 ይላሉ፤ መጽሐፉ ያለው ነዋ። ከዚያ ይጣዱት፤ አንድ ልጅ በየደቂቃው እያነበበ ሰሌዳ ላይ ይመዝግብ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ታች ከነካ ንባቡ ይሳሳታል። ውሃው ተንተክትኮ ቁጥሩ ለሦስት ደቂቃ ባለበት እስኪቆም ይጠብቁ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች የሚቆመው 94 አካባቢ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይላሉ። ይህ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒያጄ የገለጸው ነው፤ ሰው አዲሱን ነገር መጀመሪያ በያዘው አሮጌ ሐሳብ ውስጥ ሊያስገባው ይታገላል። ማብራሪያ ለመስጠት አይቸኩሉ። ሁለተኛ ቴርሞሜትር ካለ ይክተቱ፤ «አዲስ አበባ ላይስ? ጅቡቲ ላይስ? ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል ለምን ይዘገያል?» ብለው ይጠይቁ። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ውሃ ከ100 በታች እንደሚፈላ የሚያስተምሩት ከዚህ በኋላ ነው። ግምቱን ካላስጻፉ ሁሉም «አውቄው ነበር» ይላል፤ የመጨረሻውን ማብራሪያ ከዘለሉ ደግሞ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» የሚለውን ሐሳብ ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ። በራሳቸው ይደርሱበታል ብሎ መተው ኮንስትራክቲቪዝም አይደለም።

ጥያቄ፦ ፒያጄ የልጆችን አስተሳሰብ በዕድሜ በከፈለበት ደረጃ መሠረት አራተኛ ክፍል ረቂቅ ነገር አይገባውም ማለት ነው?

መልስ፦ ዕድሜዎቹ ግምት ናቸው። ክፍልፋይን በሚታጠፍ ወረቀት ይጀምሩ፣ ወደ ሥዕል ይለፉ፣ ምልክቱን መጨረሻ ያምጡ።

ጥያቄ፦ የቡድን ሥራ ስሰጥ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል። ልጅ በሌላው እገዛ ይማራል የሚለው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የቪጎትስኪ ሐሳብ እኛ ጋ አይሠራም?

መልስ፦ ቪጎትስኪ ያለው ልጁ ብቻውን የማይችለውን፣ ነገር ግን ሲታገዝ የሚችለውን ሥራ ስጡት ነው። ማስገልበጥ እገዛ አይደለም። በአንድ ዴስክ ያሉት ሦስቱ ይበቃሉ። ሦስት ደቂቃ እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ፤ አምስት ደቂቃ ያወዳድሩ፤ ከዚያ የሚያስረዳውን ልጅ በዕጣ ያውጡ። የቡድኑ ማርክ በእሱ ማብራሪያ ይወሰን። ጎበዙም «ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ እስክሪብቶ አይቀማ።

ጥያቄ፦ ማክሰኞ ያስተማርኩት ሰኞ ከጭንቅላታቸው ጠፍቷል።

መልስ፦ «ባለፈው ምን ተማርን?» ብለው ራስዎ አይመልሱ። ደብተር አዘግተው በአምስት ደቂቃ ሦስት ጥያቄ ይስጡ፦ አንዱ ካለፈው ክፍለ ጊዜ፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ማርክ አይኑረው፤ ካለው መኮራረጅ ይጀምራሉ። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ይበልጣሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት ይበልጧቸዋል።

ጥያቄ፦ የእቅድ ፎርማችን «በዓይን የሚማሩ፣ በጆሮ የሚማሩ» ብለን እንድንለይ ይጠይቃል። እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ አይለዩዋቸው። ልጆችን እንዲህ ከፍሎ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። ካርታ ለሁሉም በዓይን ነው፣ የፊደል ድምፅ ለሁሉም በጆሮ ነው። ፎርሙን «ሥዕልና የቃል ማብራሪያ አንድ ላይ፣ ለሁሉም» ብለው ይሙሉት።