ስለ ባሕር ዛፍ በክፍል ውስጥ እንዴት ላስተምር?

ጥያቄ፦ በመራዊ አካባቢ የ10ኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ባሕር ዛፍ ሳስተምር ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ እኩሌቶቹ ምንጭ የሚያደርቅ ዛፍ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ደብተርና ልብስ የሚገዛላቸው ከአጣና ሽያጭ መሆኑን ጠቅሰው ይሟገታሉ። «የማን ሐሳብ ትክክል ነው?» ሲሉኝ ምን ልመልስ? ወላጆችን ማስቀየምም አልፈልግም።

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ክርክሩን አያብርዱት፤ ነገር ግን ተለክቶ የሚታወቀውን ተመዝኖ ከሚወሰነው እንዲለዩ ያግዟቸው። ባሕር ዛፍ በአጠገቡ የተዘራውን በቆሎ ይጎዳ እንደሆነ ተማሪዎችዎ ራሳቸው ሊለኩት ይችላሉ፤ ከዛፉ 5፣ 10 እና 20 ሜትር ርቀው የበቀሉትን ቁመት መዝግበው፣ ዛፍ ከሌለበት የማሳ ዳር ጋር ያስተያዩ። የምንጩ ጉዳይ ግን ይከብዳል። ዛፉ በፍጥነት ስለሚያድግ ብዙ ውኃ ይወስዳል፤ ስለዚህም በምንጭና በወንዝ ዳር እንዳይተከል ይመከራል፤ ሆኖም የዝናቡ መጠን፣ የዛፎቹ ብዛትና የተፋሰሱ መራቆት ሳይመረመር የደረቀውን ምንጭ ሁሉ በእሱ ማላከክ ሳይንስ አይደለም። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን የገባው የማገዶ እጥረት ስለጠናም ነውና፣ ባይኖር ኖሮ ምን ይነድ እንደነበር ይጠይቋቸው።

«ይተከል ወይስ አይተከል?» የሚለውን ግን ልኬት ብቻውን አይፈታውም፤ እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለውም ይህንን ነው። ማዳበሪያ መግዛት ላቃተው ወይም በሬ ለሌለው አባወራ ዛፉ የቁጠባ ገንዘቡ ነው፤ ሥሩና ጥላው ግን ወሰን አያከብሩምና፣ ሰብሉ የቀጨጨበት ጎረቤት ሳይወድ በግድ እሱም ወደ ተከላ ይገባል። እዚያው መራዊ አካባቢ ያለው የቆጋ መስኖ ሊያለማው በታቀደው 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ደግሞ፣ ውኃ የደረሰውን ማሳ ለዛፍ ማዋል ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይጠነክራል።

ወላጆችን በተመለከተ፣ ልጆቹ ለምን እንደተከሉ ወይም ለምን እንደነቀሉ እቤታቸው ጠይቀው እንዲመጡ ያድርጉ፤ ዕውቀቱን ከእነርሱ ስንወስድ ተከሳሾች መሆናቸው ይቀራል። ከዚያ በኋላ አጣና የሚሸጥ ቤት ልጅ የጎረቤቱን ማሳ ወክሎ፣ ሌላውም በተቃራኒው ይከራከር። የእርስዎን አቋም መጀመሪያ ላይ አይግለጹ፤ በመጨረሻ ከጠየቁዎት ከነምክንያቱ ይንገሯቸው፤ ማርክ ሲሰጡ ግን ከእርስዎ ጋር መስማማታቸውን ሳይሆን የማስረጃቸውን ጥራትና የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳያዛቡ ማቅረባቸውን ይመልከቱ።