ከምንጭ በላይ ስለሚከፈት ላቫጆና ስለ ሕጉ

እህታችን «ከሰፈራችን ምንጭ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ላቫጆ ሊከፈት መሬቱ እየተደለደለ ነው፤ ይህን የሚከለክል የክልል ሕግ አለ ወይ? ለማንስ እናመልክት?» ብለው ለጠየቁት፣ እዚሁ ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የአንድ ምንጭ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

ሕግ አለ፤ የሚጎድለው ምንጩን ከነተዳፋቱ የሚከልል አስገዳጅ ድንጋጌ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ለቤት አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝም ያዛል። የውሃ ዳርቻን ወሰን ስለ መከለል ሲናገር ግን ለተቆጣጣሪው አካል ሥልጣን ሰጠው እንጂ ግዴታ አልጣለበትም። በዚያ ላይ የሚናገረው ስለ ዳርቻ ነው፤ ምንጭ የሚበከለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ከሚሰርግበት ከላይኛው መሬት ነው።

የእኛ ምንጭ በግንብ የተጎለበተ፣ ክዳኑ የተቆለፈ፣ ዙሪያው የታጠረ ነበር። ከበላዩ ሃምሳ ርምጃ ያህል ርቆ ያለ አንድ ግቢ ሽንት ቤት አስቆፈረ፤ ቆይቶም ለጋራዥ ተከራየ። በበጋ ያስመረመርነው ውሃ ንጹሕ ነበር። ነሐሴ ላይ ከዚያው ቦኖ የተቀዳው 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ተጣርቶ፣ ማጣሪያው በ44 ዲግሪ ሙቀት አድሮ ሲከፈት፣ በላዩ ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስል ቢጫ የባክቴሪያ ነጠብጣብ ሞልቶበት ነበር። ባለሙያዋ በእስክሪብቶ ጫፍ እያመለከተች አርባ ድረስ ቆጠረችና ተወችው። የመጠጥ ውሃ ደረጃችን በዚያ መጠን ውሃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) እንዳይገኝ ነው የሚያዘው። ያን ውሃ ልጆቻችን በየማለዳው በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘውት ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበርና ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ክሎሪን ጨምሩ ተባልን፤ ጨመርን። ክሎሪን ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ የተቃጠለ ዘይትንና ነዳጅን ከውሃ አያወጣም፤ ስለዚህ የእርስዎ ላቫጆ ከእኛ ሽንት ቤት ይልቅ ያሳስበኛል።

የእኛ ጥፋት ወራቱን በቃል አቤቱታ መፍጀታችን ነው። በሄድንበት ቢሮ ሁሉ የግቢው ባለቤት ሕጋዊ ካርታ እንዳለው ይነገረን ነበር፤ እውነትም ነበረው። በመጨረሻ የአካባቢውን ፕላን ዘርግተው ሲያሳዩን ምንጫችን ያለበት ቦታ ባዶ ወረቀት ሆኖ አገኘነው። ከሠላሳ በላይ አባወራ የሚጠጣበት ውሃ በመንግሥት ወረቀት ላይ አልነበረም። መሬቱን የሰጠው ሰው ምንጩን አይቶ የናቀ አይመስለኝም፤ ከነጭራሹ የሚያየው ነገር አልተቀመጠለትም።

መንገድ የከፈተልን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ የደረሰም ሆነ ሊደርስ የሚችል ጉዳትን በሚመለከት ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። ውሳኔ በ30 ቀን ውስጥ ካልተሰጠ ወይም የተሰጠው ውሳኔ ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። እንግዲህ ላቫጆው ሥራ እስኪጀምር አይጠብቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም መኖሩን ሳያረጋግጡ አይውጡ፤ ቀኑን የሚቆጥሩት ከዚያ ነውና። እኛ ያን ካደረግን በኋላ ሽንት ቤቱ ተደፈነ፤ ጋራዡም ዘይቱን በበርሜል እንዲሰበስብ ታዘዘ።

የክልል ሕግን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ይሰጣል፤ አዋጅ 300ም ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ እንዲያወጡ ይፈቅዳል፣ የላላ ግን አይፈቅድም። ስለዚህ ምክር ቤታችን እያንዳንዱ የሕዝብ መጠጥ ውሃ መገኛ ከነላይኛው ተዳፋቱ ተለክቶ በፕላን ላይ እንዲሰፍር፣ በዚያ በተከለለው መሬት ውስጥም የውሃ ቢሮ በጽሑፍ ሳይስማማ ቦታ እንዳይሰጥ በአዋጅ ሊያስገድድ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ርቀት ብቻ መጻፍ አይበቃም። በተለምዶ ሽንት ቤት ከውሃ መገኛ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ይባላል፤ እንደ ጦሳ ባለ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ግን ውሃ በስንጥቁ ፈጥኖ ስለሚወርድ ከላይ በኩል ያለው 30 ሜትር ከታች በኩል ካለው ጋር እኩል አይደለም። (የቦርከና ወንዝም የእኛን እጣቢ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ አይርሱ፤ ጉዳዩ የአንድ ቀበሌ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።)

ለማመልከቻው የምንጩንና የሚደለደለውን መሬት አቀማመጥ የሚያሳይ ንድፍ፣ ቀን ያለበት ፎቶግራፍና አሁን በበጋው የተሠራ የውሃ ምርመራ ውጤት ያያይዙ። የክረምቱ ውጤት የሚነጻጸረው ከዚህኛው ጋር ስለሆነ፣ ሰኔ ከገባ በኋላ ሊያገኙት አይችሉም።